ነፋስና የውሃ ዳርቻ አመራረጥ

(በሬዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)

የመሥሪያ ቤት ሰው ዓመቱን ሙሉ በወረቀትና በማኅተም መካከል ተቀምጦ ከሰነበተ በኋላ የዓመት ፈቃዱን ሲያገኝ አሳቡ ወዲያውኑ ወደ ውሃ ዳር ይሄዳል። ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ባሕር ዳር፤ ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ሐዋሳ ይወርዳል። ገንዘቡና ጊዜው የፈቀደለትም ድንበር ተሻግሮ እስከ ኬንያና እስከ ዛንዚባር ጠረፍ ይዘልቃል። ውሃ ዳር ከደረሰ በኋላ ግን ብዙው ሰው ቦታ የሚመርጠው በዓይኑ ብቻ ነው። አሸዋው የነጣ፤ ውሃው የጠራ፤ ጥላው የሰፋ፤ ምግብ ቤቱ የቀረበ ከሆነ ቦታው መልካም ነው ብሎ ይፈርዳል።

ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ይህ አመራረጥ የተገላቢጦሽ መሆኑን ነው። የውሃ ዳርቻ በመጀመሪያ የሚመረጠው በነፋሱ ነው፤ ቀጥሎ በውሃው ውስጥና በሥሩ ባለው ነገር ነው፤ ውበቱ በመጨረሻ ይመጣል። ይህን ቅደም ተከተል ያልጠበቀ ሰው በመዝናኛው ቀን የራሱን ወይም የልጁን ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል።

ይህ ምክር አዲስ አይደለም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በዓለም ላይ የተስፋፋው የካይት ስፖርት አስተማሪዎች ለተማሪው አስቀድመው የሚነግሩት ይህንኑ ነው፤ በጣና ሐይቅ ላይ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፈው ሰውም ከአባቱ የወረሰው ዕውቀት ይኸው ነው። ስለዚህ ንግግሬን ከሁለቱ ጋራ፤ ማለት ከዚያ ከአዲሱ ስፖርትና ከዚህ ከጥንታዊው ታንኳ ጋራ አያይዤ አቀርባለሁ። ምሳሌ የማደርገውም ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን የሐሙሲትን ከተማ፤ ከእርስዋም በስተ ምዕራብ ያለውን የጣናን ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው።

በመጀመሪያ የካይት ስፖርት ምን እንደ ሆነ ላላዩት ልግለጽ። ልጆች በክር አስረው በነፋስ የሚያበሩትን የወረቀት ካይት ታውቃላችሁ። ያንኑ ካይት ከጠንካራ ጨርቅ ሠርቶ፤ ስፋቱን ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 14 ሜትር ካሬ አድርጎ፤ ጠርዙን በአየር ነፍቶ፤ ከ20 እስከ 25 ሜትር ርዝመት ባላቸው ገመዶች ከወገቡ ጋራ ያያዘ ሰው ሳንቃ ላይ ቆሞ ነፋስ ሲጎትተው በውሃው ፊት ላይ ይንሸራተታል። ውሃ ላይ ቢወድቅ እንኳ ተመልሶ ሊነሣ የሚችለውን፤ በአየር የሚነፋውን ካይት የፈለሰፉት ብሩኖና ዶሚኒክ ሌጌኑ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ናቸው፤ የፈጠራ መብታቸውንም ያስመዘገቡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጮች ልብ ይበሉልኝ። ስፖርቱ በብዙ አገር የታወቀው ግን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው፤ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባም ውድድሩ የተደረገው በማርሴይ ከተማ ባሕር ላይ ነበር።

ለዚህ ስፖርት ሞተር የለውም፤ መቅዘፊያም የለውም፤ ያለው ነፋስ ብቻ ነው። ስለዚህም የዳርቻ አመራረጥ ለስፖርቱ ተጨማሪ ትምህርት ሳይሆን የመጀመሪያው ምዕራፍ ሆኗል። እኛም ካይት ባንይዝ እንኳ ምዕራፉን ብናነበው እንጠቀማለን፤ ምክንያቱም ለዋናተኛውም፤ ለታንኳውም፤ ለልጆች መጫወቻም ሕጉ አንድ ነውና።

ሕጉ እንደሚከተለው ነው። አንድ ሰው ፊቱን ወደ ውሃው መልሶ ዳር ቢቆም ነፋስ በሦስት መንገድ ይመጣበታል። አንደኛው ከውሃው ተነሥቶ ፊቱን የሚመታው ነው። ሁለተኛው ከየብስ ተነሥቶ ጀርባውን የሚገፋው ነው። ሦስተኛው ከቀኝ ወይም ከግራ መጥቶ ዳርቻውን ተከትሎ የሚያልፈው ነው።

ከእነዚህ ሁሉ እጅግ አደገኛው ሁለተኛው፤ ከጀርባ የሚመጣው ነው። የሚያታልለውም እርሱ ነው። ነፋስ ከየብስ ወደ ውሃ ሲነፍስ በዳር ያለው ውሃ እንደ መስተዋት ዝም ይላል፤ ሞገድ የሚያድገው ነፋሱ በውሃው ላይ ብዙ ርቀት ከሄደ በኋላ ነውና። አባት ይህን ጸጥታ አይቶ «ዛሬ ውሃው ተኝቷል፤ ግቡ» ይላል። ልጁም በመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ላይ ተቀምጦ ሲጫወት ነፋሱ ቀስ እያለ ወደ መካከል ይወስደዋል። ከዳር በራቀ መጠን ዛፍና ቤት የከለሉት ነፋስ ይበረታል፤ ሞገዱም ያድጋል፤ የልጁ ክንድ ግን አያድግም። በካይት ስፖርት ላይም እንዲሁ ነው፤ ካይቱ የወደቀበት ሰው ከየብስ በሚወጣ ነፋስ ላይ ከሆነ የሚያድነው ጀልባ እስኪመጣ ድረስ ወደ ጥልቁ ይወሰዳል። ስለዚህ አስጠባቂ ጀልባ በሌለበት ቦታ ከየብስ በሚነሣ ነፋስ መግባት በፍጹም አይፈቀድም።

አንደኛው፤ ማለት ፊትን የሚመታው ነፋስ ለዋናተኛ ርኅሩኅ ነው፤ የደከመውን ሁሉ ወደ ዳር ይመልሳልና። ለካይተኛ ግን ሌላ ጠንቅ አለበት። ገና ከዳር ሳይርቅ ወደ ኋላው ይገፋዋል፤ ከኋላውም ዛፍ፤ ግንብ፤ የመብራት ሽቦ ወይም ቋጥኝ ካለ ከዚያ ጋራ ያጋጨዋል። ይህን በመፍራት ነፋሱ በሚሄድበት አቅጣጫ ቢያንስ የገመዱ ርዝመት እጥፍ፤ ማለት 50 ሜትር ያህል ባዶ ሜዳ መኖር አለበት ይባላል።

ተመራጩ ሦስተኛው፤ ዳርቻውን ተከትሎ የሚነፍሰው ነው። በእርሱ የሚንሸራተት ሰው ወደ ውሃው ሄዶ በዚያው መንገድ ለመመለስ ይችላል፤ ቢወድቅም ነፋሱ ዳር ለዳር ይወስደዋል እንጂ ወደ መካከል አያስገባውም። ከዚህም ሁሉ የሚሻለው ዳርን ተከትሎ እየሄደ ጥቂት ወደ ዳር ያዘነበለው ነፋስ ነው። እንግዲህ «መልካም ዳርቻ የትኛው ነው?» ብሎ ለጠየቀ ሰው መልሱ የአንድ ቦታ ስም አይደለም፤ የአንድ ዳርቻና የአንድ ነፋስ ጋብቻ ነው። ያው አሸዋ ጧት ጠላት፤ ከቀትር በኋላ ወዳጅ ሊሆን ይችላል።

ከአቅጣጫው ቀጥሎ የሚመጣው የነፋሱ ኀይል ነው። ለካይት ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከ12 እስከ 25 ኖት ያለው ነፋስ ነው፤ ይህም በሰዓት ከ22 እስከ 46 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት አንድ የሒሳብ ነገር አለ። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋው ኀይል እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። «ነፋሱ ጥቂት ጨመረ» ብሎ ማቃለል የሚያስከትለው ጉዳት ከዚህ ይመነጫል።

የአገራችን ከፍታም በዚህ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። የጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,790 ሜትር ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር ከስድስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ በሞምባሳ ጠረፍ 15 ኖት ነፋስ የሚሰጠውን ጉልበት በጣና ላይ ለማግኘት ከ16 ኖት በላይ ነፋስ ወይም በአምስት አንድ እጅ ያህል የሰፋ ካይት ያስፈልጋል። ካይቱን ያሰፋ ሰው ደግሞ ድንገት ነፋሱ ሲበረታ የሚጎትተው ነገር ሰፊ መሆኑን መርሳት የለበትም።

አሁን ወደ ጣና እንምጣ። የሐይቁ ርዝመት ወደ 84 ኪሎ ሜትር፤ ወርዱ ወደ 66 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር አያልፍም። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውሃ የራሱ ጠባይ አለው፤ ነፋስ ብዙ ርቀት ስለሚያገኝበት ሞገዱ ቶሎ ይነሣል፤ ከሥሩ መሬቱ ቅርብ ስለ ሆነም ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ትንሽ ጀልባን የሚያስቸግረው ይህ ዓይነት ሞገድ ነው።

የሐይቁ ነፋስ በአብዛኛው የቀን ሥርዓት አለው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ የብሱ ከውሃው ይልቅ ቶሎ ይሞቃል፤ በየብስ ላይ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው የሐይቅ አየር ሥፍራውን ለመያዝ ወደ የብስ ይነፍሳል። ሌሊት ደግሞ የብሱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ነገሩ ይገለበጣል፤ ነፋሱ ከየብስ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። በባሕር ዳር ጀልባ የሚነዱ ሰዎች እንግዳን ወደ ደሴት ገዳማት ለማድረስ ጧትን የሚመርጡት ስለዚህ ነው። ጧት ሐይቁ ዝም ይላል፤ ከቀትር በኋላ ይናወጣል። ይህ ሥርዓት ግን በደረቁ ወራት የሚታመነውን ያህል በክረምት አይታመንም። ነጎድጓድ ያዘለ ደመና ከተራራ ሲወርድ ከፊቱ ድንገተኛ ነፋስ ያስቀድማል፤ ያ ነፋስ አቅጣጫውን ለማንም አይነግርም።

ይህን ይዘን በሐሙሲት በስተ ምዕራብ ወዳለው ዳርቻ እንሂድ። ይህ አገር ለሐይቅ ጉዞ እንግዳ አይደለም። በዚሁ በደራ አገር፤ በሐይቁ ዳር ያለችው ቆራጣ በ19ኛው መቶ ዓመት ከታወቁት የጣና የንግድ ከተሞች አንዷ ነበረች። በ1866 የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ የነበረው ሆርሙዝድ ራሳም በአፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ የተቀመጠው በዚያች ከተማ ነበር። በዚያ ዘመን ሰውና ጭነት በሐይቁ ላይ የሚመላለሰው በደንገል ታንኳ ነው። ታንኳው ነዶ ነዶው ደንገል እየታሰረ የሚሠራ፤ ቀላልና ተንሳፋፊ ነው፤ ነገር ግን ውሃ ስለሚጠጣ በየጊዜው ዳር ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው ይከብዳል፤ ከጊዜ በኋላም ይበሰብሳል። ነፋስን የሚቋቋም ከሥሩ የገባ ሳንቃ የለውም፤ ስለዚህ ነፋስ ወደ ነዳው ይሄዳል።

እንዲህ ያለ ታንኳ የያዘ የምሥራቅ ዳር ሰው የቀኑን ሥርዓት ካወቀ ነፋስ ሁለት ጊዜ ያገለግለዋል። ማለዳ ከየብስ የሚወጣው ለስላሳ ነፋስ ወደ ምዕራብ፤ ወደ ሐይቁ ይሸኘዋል። ከቀትር በኋላ ከሐይቅ የሚገባው ነፋስ ወደ ምሥራቅ፤ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። ጊዜውን ያሳለፈ እንደ ሆነ ግን ያው መላሽ ነፋስ ከምዕራቡ ዳር ጀምሮ ስፋቱን የሐይቅ ሜዳ ያለ ከልካይ አቋርጦ የመጣ ሞገድ ይዞበት ይደርሳል። ስለዚህ ለታንኳ ቀዛፊ ዋናው ጥያቄ «የት ልግባ?» ብቻ አይደለም፤ «በስንት ሰዓት ልግባ፤ በስንት ሰዓትስ ልመለስ?» የሚል ነው። ከከተማ የሄደ እንግዳ ውሃው ማለዳ ዝም ብሎ ሲያይ ነፋሱ ወደ ውጭ የሚወስድ መሆኑን አያስተውልም፤ ይህ ከላይ ያልሁት አታላይ ጸጥታ ነው።

ነፋሱን ከመረመርን በኋላ ወደ ውሃው እንውረድ። ጉማራና ርብ የተባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ ተነሥተው፤ በፎገራ ሜዳ አቋርጠው ወደዚህ ምሥራቃዊ ዳርቻ ይገባሉ፤ ገልዳም በሐሙሲት አካባቢ አልፎ ወደዚያው ይወርዳል። እነዚህ ወንዞች በክረምት የሚያመጡት አፈር ዳርቻውን ጭቃና ረግረግ ያደርገዋል። በባሕር ጠረፍ እንደሚታየው ያለ ነጭ የአሸዋ ዳር እዚህ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም፤ የሚያገኘው ደንገልና ሸንበቆ ነው። ሜዳው ለጥ ያለ ስለ ሆነም የሐይቁ ወለል ጥቂት ሲወርድ ዳርቻው ብዙ ይሸሻል። የሐይቁ ወለል በዓመት ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ዝቅ ይላል፤ በዚህም ላይ በዓባይ መውጫ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ በ1996 ተሠርቷል፤ ከ2010 ጀምሮም ውሃ ወደ በለስ ይተላለፋል። በ2003 ወለሉ እጅግ በወረደ ጊዜ የሐይቁ መርከቦች ለጊዜው ከሥራ ቆመው ነበር። ስለዚህ አምና የተዋኘበት ቦታ ዘንድሮ ጭቃ፤ አምና ጭቃ የነበረውም ዘንድሮ ውሃ ሊሆን ይችላልና በየጊዜው መመርመር ያሻል።

ሌላም ነገር አለ። ወደ ዳር የሚገባ ነፋስ የደከመውን ዋናተኛ እንደሚመልስ ሁሉ በውሃ ላይ የሚንሳፈፈውንም ነገር ሁሉ ወደ ዳር ያመጣል። እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም በጣና ላይ በ2011 በሰሜን ምሥራቁ ክፍል፤ በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ታየ፤ ከዚያም ወዲህ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ እየተስፋፋ ዓሣ አጥማጁን፤ ከብት ጠባቂውንና ገበሬውን አስቸግሯል። እምቦጭ ሥሩን መሬት ላይ ሳይተክል ስለሚንሳፈፍ ነፋስ እንደ መንጋ ይነዳዋል። ትናንት የጸዳ ዳርቻ ሌሊቱን ሲነፍስ አድሮ ጧት አረንጓዴ ምንጣፍ የተነጠፈበት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በዚያ ውስጥ የካይት ገመድም ሆነ የዋናተኛ እግር ቢጠላለፍ መውጫው ከባድ ነው። ሐይቁ በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ ነገር ግን መዝገብ ብቻውን አረም አይነቅልም።

ጉማሬም በሐይቁና በተለይ በዓባይ መውጫ አጠገብ አለ። ጉማሬ ቀን በውሃ ውስጥ ውሎ ሲመሽ ለግጦሽ ወደ የብስ ይወጣል፤ በእርሱና በውሃው መካከል የተገኘን ሰው አይታገሥም። በማለዳና በምሽት በደንገሉ ጥግ መመላለስ የማይገባው ስለዚህ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በዓይን የማይታየው ጠላት ብልሃርዝያ ነው። ስሙን ያገኘው በ1851 በካይሮ ከተማ ትሉን ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። የበሽታው ትል የሕይወቱን አንድ ክፍል በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያሳልፋል፤ ከዚያም ወጥቶ በውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በስቶ ይገባል። በጣና ዳርቻ ይህ በሽታ መኖሩ የታወቀ ነው። እዚህ ላይ ወላጆች በጣም እንዲያስተውሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ቀንድ አውጣው የሚወደው ሞገድ የማይደርስበትን፤ ጥልቀት የሌለውን፤ ሣርና ደንገል ያለበትን ሞቃት ጥግ ነው። ወላጅ ለሕፃናት የሚመርጠውም ብዙ ጊዜ ያንኑ ጥግ ነው። ለልጅ የተመቸ የመሰለው ሥፍራ ለቀንድ አውጣውም የተመቸ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

በዚህ በሽታ ላይ አገራችን ለዓለም ያበረከተችው ዕውቀት አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ አካባቢ ሲመራመሩ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ፤ ከዚህም ተነሥተው እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አስረዱ። መድኃኒቱም ዛሬ ፕራዚኳንቴል የሚባለው ኪኒን ነው። ስለዚህ በጣና የዋኘ ሰው ሳይታመም ዝም ብሎ ከመቀመጥ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር ይገባዋል።

ውበት ብቻውን ምስክር እንደማይሆን ለማስረዳት ላንጋኖን ልጥቀስ። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይህ ሐይቅ ውሃው ቡናማ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው የቆሸሸ ይመስለዋል። ነገር ግን ቀለሙ በውሃው ውስጥ ከተንሳፈፈው ደቃቅ አፈር የመጣ ነው፤ ሐይቁም ብልሃርዝያ የሌለበት በመሆኑ ለዋና ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ይመረጣል። የጠራ ውሃ ጤነኛ፤ የደፈረሰ ውሃ በሽተኛ ነው የሚለው ፍርድ እንግዲህ አይጸናም።

እስካሁን ባልሁት መሠረት የጣናን ዳርቻዎች ብንመዝናቸው ምን እናገኛለን? ከሐሙሲት በስተ ምዕራብ ያለው ዳር ከቀትር በኋላ ነፋሱን በቀጥታ በፊቱ ይቀበላል፤ ዳሩ ደንገልና ጭቃ ነው፤ እምቦጭም ያሠጋዋል። ለታንኳ አባቶች የኖሩበት፤ ለወፎችም መኖሪያ የሆነ መልካም አገር ነው፤ ለካይት ግን አይሆንም። የባሕር ዳር ከተማ በደቡብ ዳር ስላለች የቀትር በኋላ ነፋስ ከሰሜን፤ ከሐይቁ ይገባባታል፤ ከበስተ ኋላዋ ዛፍና ሕንፃ፤ በአንድ ወገንም የዓባይ መውጫ አለ። የዘጌ ልሳነ ምድር ጎኑን ለነፋስ የሰጠ ስለሚመስል ተስፋ ያሳድራል፤ ነገር ግን ደኑ እስከ ውሃው ይወርዳልና ለካይት ማንሻ ሜዳ አይተርፍም። ጎርጎራ በሰሜን ዳር ሆና ነፋሱን ከደቡብ ትቀበላለች። እንግዲህ በሐይቁ ላይ ጀማሪ ሰው ያለ አስተማሪና ያለ አስጠባቂ ጀልባ ካይት ሊያነሣበት ይገባል የምለው ዳርቻ የለም። አንድ ቀን ይህ ስፖርት በጣና ይጀመር ቢባል አስቀድሞ መገዛት ያለበት ካይቱ ሳይሆን የሚያድነው ጀልባ ነው።

ይህን ስፖርት መማር የሚፈልግ ሰው ነፋሱና ዳርቻው የተስማሙበትን ቦታ ቢመርጥ ይሻላል። አገራችን ኤርትራ ነጻነቷን ካገኘችበት ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ጎረቤታችን ኬንያ ግን ከሞምባሳ በስተ ደቡብ ዲያኒ፤ በስተ ሰሜን ዋታሙ የሚባሉ ዳርቻዎች አሏት፤ በዛንዚባርም በምሥራቁ ዳር ፓጄ አለች። እነዚህ ቦታዎች የተመረጡት አሸዋቸው ስለ ነጣ ብቻ አይደለም። በዚያ ጠረፍ ላይ በዓመት ሁለት ነፋሶች ይፈራረቃሉ፤ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ድረስ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ካስካዚ፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ኩሲ ይባላል። ጥንት የአክሱምን ዘመን የአዱሊስ ወደብ ከሕንድ ጋራ ያገናኙት መርከቦች የተመላለሱትም እንዲህ ባለው በየወቅቱ በሚገለበጥ ነፋስ ነው። ጠረፉ ወደ ምሥራቅ የዞረ ስለ ሆነ አንዱ ከግራ፤ ሌላው ከቀኝ በአግድም ወደ ዳር ያዘነብላሉ፤ ሁለቱም ተመራጩ ዓይነት ናቸው። ከዳር ራቅ ብሎ ያለው የኮራል ድንጋይ ትልቁን ማዕበል ሰብሮ ያስቀረዋል፤ በውስጡ ያለው ውሃ ጥልቀቱ ለጀማሪ ይመቻል። ነገር ግን ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ እየሞላና እየጎደለ ስለሚሄድ ሰዓቱን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሲጎድል ሹል ድንጋይና እሾሃማ የባሕር እንስሳ ይገለጣልና ጫማ መልበስ ይገባል።

አሁን የተናገርሁትን በአጭሩ ሰብስቤ ውሃ ዳር የሚወርድ ሁሉ ሊጠይቃቸው የሚገቡ አምስት ጥያቄዎችን ልዘርዝር።

1ኛ፤ ነፋሱ ከየት ወደ የት ነው? ጭስ፤ ባንዲራ፤ የዛፍ ጫፍ ይመልከቱ፤ ካልተገኘም ጥቂት ደረቅ ሣር ወደ ላይ ይበትኑ። ከየብስ ወደ ውሃ ከሆነ ልጅ በሚንሳፈፍ ነገር ላይ አይቀመጥ።

2ኛ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላስ ወደ የት ይሆናል? ይህን የሚያውቀው በዚያ ዳር የኖረ ሰው ነው። ለታንኳ ቀዛፊው ሰላምታ ሰጥቶ «አባቴ፤ ዛሬ ሐይቁ እንዴት ይውላል?» ብሎ መጠየቅ የተማረን ሰው አያሳንሰውም።

3ኛ፤ በውሃው ውስጥና በሥሩ ምን አለ? ጭቃ ነው፤ አሸዋ ነው፤ አረም ነው፤ ቀንድ አውጣ ወይም ጉማሬ አለበት?

4ኛ፤ ብወድቅ ወይም ቢደክመኝ ነፋሱ ወስዶ የሚጥለኝ የት ነው? መልሱ «ሜዳ ላይ» ካልሆነ ቦታው አይሆንም።

5ኛ፤ ማን ያወጣኛል? ጀልባ፤ ገመድና ዋና የሚያውቅ ሰው በቅርብ ከሌለ ውሃው ከጉልበት በላይ እንዳይሆን።

ይህ ለግለሰብ ብቻ የተነገረ አይደለም። በሐይቅ ዳር ሆቴል የሠሩ ባለ ሀብቶችና ዳርቻውን የሚያስተዳድሩ ሹሞችም ድርሻ አላቸው። አንድ ከፍ ያለ ባንዲራ፤ የቀኑን ነፋስ አቅጣጫ የሚጽፉበት አንድ ሰሌዳ፤ ነዳጅ የተሞላች አንዲት ጀልባና የሚነዳት አንድ ሰው፤ ይህ ሁሉ ወጪ ይጠይቃል። የአንድ ልጅ ሕይወት ግን በምንም ገንዘብ አይተካም።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ነፋስ በዓይን አይታይም፤ ሥራው ግን ይታያል። ዳርቻው ጭቃ ወይም አሸዋ መሆኑን፤ አረሙ የት እንደ ተከማቸ፤ ሞገዱ የት እንደሚሰበር ያየ ሰው ነፋሱን እንደ አየው ይቆጠራል። በሚመጣው ፈቃዳችሁ ውሃ ዳር ስትደርሱ ልብሳችሁን ከማውለቃችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቆማችሁ ነፋሱ ከየት እንደሚነካችሁ አስተውሉ። ጀርባችሁን የሚገፋችሁ ከሆነ ልጆቻችሁን ወደ ጥላው መልሱ፤ ሐይቁ ነገም አለ።